ሬዲዮ የያዙት አገር ሆኑ፣ ስማርትፎን የያዙት ለምን አልሆኑም?

መስቀለኛ_መንገድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ታሪክም ቴክኖሎጂም የምታውቁ ሰዎች ስላላችሁ ነው ይሄን ጥያቄ ያመጣሁት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው እንዳንደናገር።

ደቡብ ሱዳን በጁላይ 2011 ነጻ ወጥታ የተመድ 193ኛ አባል ሆነች። ከዛ ወዲህ አንድም አዲስ አባል አገር አልገባም። አሁን ይሄን ነገር ከሌላ ጎን እዩት፣ 2011 ማለት እኮ ፌስቡክና ትዊተር መንግሥት ይገለብጣሉ የተባለበት ዓመት ነው፣ ከዛ በኋላ ስማርትፎን በየሰዉ እጅ ገባ፣ ቴሌግራም መጣ፣ ላይቭ መጣ፣ ቲክቶክ መጣ፣ አንድ ንቅናቄ ድሮ በስንት ዓመት ልፋት የሚያገኘውን ሰው ዛሬ በአንድ ሳምንት ያገኛል። ውጤቱ ግን የት አለ? ስኮትላንድ በ2014 55 ለ45 አንወጣም አለች፣ የስፔኗ ካታሎንያ በ2017 ሕዝበ ውሳኔ አድርጋ መሪዎቿ ገሚሱ እስር ገሚሱ ስደት ገቡ፣ አምባዞንያ (የካሜሩን እንግሊዝኛ ተናጋሪው ክፍል) እዛው ዓመት ኦክቶበር ላይ ነጻነት አውጃ ሕዝቡ እስከዛሬ በጦርነት ያልቃል፣ በፈረንሳይ ስር ያለችው ኒው ካሌዶንያ ሦስት ጊዜ ድምጽ ተሰጥቶ አልወጣችም። ሶማሌላንድ ከ1991 ጀምሮ የራሷ መንግሥት፣ የራሷ ገንዘብ፣ የራሷ ምርጫ አላት፣ ግን በዲሴምበር 2025 እስራኤል እውቅና እስክትሰጣት ድረስ አንድም የተመድ አባል አገር አላወቃትም ነበር።

በ1960 ደግሞ በአንድ ዓመት ብቻ 17 የአፍሪካ አገሮች ነጻ ወጡ። በእጃቸው የነበረው ሬዲዮና በማባዣ ማሽን የሚታተም ወረቀት ነው።

ጥያቄዬ፣ ቴክኖሎጂው ንቅናቄዎቹን አዳክሟቸዋል ወይስ ነገሩ ከቴክኖሎጂ ጋር ጭራሽ አይገናኝም? ሶሻል ሚዲያ ሰውን አነቃ የሚለውን አውቃለሁ፣ እኔ የምፈልገው ነገሩ ውስጥ ገብቶ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳኝ ሰው ነው።

---

የታሪክ_ደብተር፦

ወንድሜ ጥያቄህን ወድጄዋለሁ ንጽጽሩ ላይ ግን አልስማማም። 1960ን ያመጣው ሬዲዮ አይደለም እኮ። የሁለተኛው ዓለም ጦርነት እንግሊዝንና ፈረንሳይን አቅም አሳጥቷቸዋል፣ አሜሪካም ሶቭየትም ለየራሳቸው ምክንያት የድሮው ቅኝ ግዛት እንዲቀጥል አይፈልጉም፣ ሕዝቡ ደግሞ በየቦታው በአድማም በመሣሪያም ተነስቷል። በዲሴምበር 14 1960 የተመድ ጠቅላላ ጉባኤ ለቅኝ ተገዢዎች ነጻነት ይሰጥ የሚለውን ውሳኔ 1514ን በ89 ድጋፍና በ9 ድምጸ ተአቅቦ ሲያሳልፍ አንድም አገር ተነስቶ እቃወማለሁ አላለም፣ ቅኝ ገዢዎቹ ራሳቸው እንኳን። ዘመኑ ያ ነበር።

ያ በር ግን የተከፈተው ለቅኝ ግዛት ነው። በ1964 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ካይሮ ላይ ተሰብስቦ ነጻ ስትወጡ የነበራችሁን ድንበር አክብሩ ብሎ ወሰነ፣ አለቀ፣ ከዛ በኋላ ከአንድ ነጻ አገር ውስጥ ልውጣ የሚል ሁሉ ሌላ ሚዛን ነው የሚጠብቀው። ከኮንጎ ልውጣ ያለችው ካታንጋ ከ1960 እስከ 1963 ሬዲዮ ነበራት፣ ከናይጄሪያ ልውጣ ያለችው ቢያፍራ ከ1967 እስከ 1970 ሬዲዮም ጋዜጠኛም በዓለም ጋዜጣ ላይ የወጣ የተራቡ ሕፃናት ፎቶም ነበራት፣ ያ ፎቶ ዛሬም ሲያዩት አንጀት ይበላል፣ ሁለቱም ወደቁ። ስለዚህ የሬዲዮ ዘመን ተሳካለት የስማርትፎን ዘመን አልተሳካለትም ብሎ መቁረጥ አይቻልም።

እስቲ ከ1990 ወዲህ ከተሳካላቸው ጥቂቶቹን እንይ። ኤርትራ በኤፕሪል 1993 ድምጽ ስትሰጥ አዲስ አበባ የነበረው መንግሥት ተስማምቷል፣ በዛ ላይ የራሷ የቅኝ ግዛት ድንበር ነበራት። ሞንቴኔግሮ በሜይ 2006 ስትወጣ የአውሮፓ ኅብረት 55 በመቶ ካላመጣችሁ አይሆንም ብሎ ሰርቢያም ተቀብላ 55.5 አመጡ፣ በግማሽ ነጥብ። ደቡብ ሱዳን በጃንዋሪ 2011 98.83 በመቶ ያገኘችው ካርቱም ራሷ በ2005 በፈረመችው የሰላም ስምምነት መሠረት ነው። ኢስት ቲሞር በኦገስት 1999 78.5 በመቶ ድምጽ ስትሰጥ ኢንዶኔዥያ ፈቅዳ ነው። በነዚህ ሁሉ ላይ ትለቃለች የተባለችው አገር ፊርማ አለ። ከሰርቢያ የወጣችው ኮሶቮ ግን ፊርማ አላገኘችም፣ እሷም ከ100 በላይ አገሮች አውቀዋት፣ የዓለም ፍርድ ቤት በጁላይ 2010 አዋጁ ዓለም አቀፍ ሕግ አልጣሰም ብሎላት፣ ይኸው የተመድ በር ላይ ቆማለች።

እና እኔ የምለው፣ ያ ፊርማ በፎሎወር ብዛት አይመጣም። የሚመጣው ወይ በጦርነት ድካም ነው ወይ በድርድር ነው ወይ በትልልቅ መንግሥታት ግፊት ነው። ስልኩ ግፊቱን ሊያግዝ ይችላል፣ ከዛ አያልፍም።

---

ራውተር፦

@የታሪክ_ደብተር ስለ ፊርማው ልክ ነህ ግን ቴክኖሎጂ ዝም ብሎ አጋዥ ነው የሚለውን አልቀበልም፣ ምክንያቱም ዛሬ አገር መሆን ማለት ራሱ ግማሹ ቴክኒካል ነገር ነው። እኔ የምሠራው ኔትወርክ ላይ ስለሆነ ከዛ ጎን ላስረዳችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

አንድ አገር ነጻ ሲወጣ ባንዲራ ይሰቀላል መዝሙር ይዘመራል፣ ከዛ በማግስቱ ያ አገር ዝርዝሮች ላይ መግባት አለበት። አይኤስኦ 3166 የሚባል የአገር ኮድ ዝርዝር አለ፣ ሁለት ፊደል ናት ነገሩ፣ ግን የኢንተርኔት ዶሜይኑም (የድረገጽ አድራሻ መጨረሻው) የባንኩ ሲስተምም ኦንላይን ስትገዛ የምትመርጠው የአገር ሊስትም ከሷ ነው የሚነሳው። አይኤስኦ ደግሞ ማን አገር እንደሆነ ራሱ አይወስንም፣ የተመድን ስም ዝርዝር ነው የሚከተለው። ደቡብ ሱዳን በ2011 ወዲያው ኤስኤስ የሚለውን ኮድ አገኘች፣ ከዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት ደግሞ 211 የሚል የስልክ መለያ ተሰጣት። ተመድ ገብታለቻ።

ኮሶቮን ደግሞ እዩ። በፌብሩዋሪ 2008 ነጻነት አወጀች፣ ኮድ የለም። ስለዚህ ቋሚ ስልኩ በሰርቢያ 381 ነበር የሚደወለው፣ ሞባይሉ ደግሞ አንዱ ኩባንያ የሞናኮን 377 ሌላው የስሎቬንያን 386 ተከራይቶ ነበር የሚሠራው። ነጻ ነኝ ያለ ሕዝብ እናቱ ጋር ለመደወል የሦስት ሌላ አገር ቁጥር ይጠቀም ነበር ማለት ነው። 383 የሚል የራሷን ቁጥር ያገኘችው በዲሴምበር 2016 ነው፣ ያውም ከሰርቢያ ጋር ብራስልስ ላይ ስንት ዓመት ከተደራደሩ በኋላ። የራሷ ዶሜይን ግን ዛሬም የላትም፣ ዶት ኮምና ዶት ኔት ላይ ነው ያሉት።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የሰዓቱ ነገር ነው። በ2018 መጀመሪያ ላይ አውሮፓ ውስጥ ከኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ ጊዜ የሚቆጥሩ ሰዓቶች፣ የምድጃ ላይ፣ የማይክሮዌቭ ላይ፣ አልጋ አጠገብ የሚቀመጠው ደወል፣ ሁሉም ቀስ በቀስ ወደ ኋላ መቅረት ጀመሩ፣ ማርች ሲደርስ ወደ 6 ደቂቃ ቀርተዋል። ምንድነው ሲባል ከስፔን እስከ ቱርክ ያለው መስመር አንድ ላይ የተያያዘ ነው፣ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ዙር (50 ኸርዝ) መጠበቅ አለበት፣ ከዛ ሲወርድ ሰዓቶቹ ይዘገያሉ፣ ኮሶቮ ከምታመነጨው በላይ ትጠቀማለች፣ ጉድለቱን ማመጣጠን ያለባት ሰርቢያ አላመጣጠነችም፣ ምክንያቱም የኮሶቮ የኤሌክትሪክ መስመር የማን ነው በሚለው አልተስማሙም። እንግዲህ የእውቅና ጥል ፓርላማ ውስጥ አልቀረም፣ ስለ ኮሶቮ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ወጥ ቤት ድረስ ገባ። ለኔ ይሄ ከመቶ መግለጫ በላይ ያስረዳኛል።

ተቃራኒው ደግሞ አለ። ፍልስጤም ዶት ፒኤስ የሚል ዶሜይን ከ2000 ጀምሮ አላት፣ 970 የሚል የስልክ ቁጥርም አላት፣ ከ150 በላይ አገሮች አውቀዋታል፣ በሴፕቴምበር 2025 እንግሊዝም ፈረንሳይም ካናዳም ጨመሩበት። ግን የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲውን የሚቆጣጠረው እስራኤል ነው፣ ዌስት ባንክ ውስጥ ስሪጂ የተከፈተው በጃንዋሪ 2018 ነው፣ ያኔ ሌላው ዓለም ስለ ፋይቭጂ እያወራ ነበር፣ ጋዛ ደግሞ ቱጂ ላይ ነበረች። ዝርዝር ላይ ስም አለ፣ አየሩ ግን የሷ አይደለም።

እና @መስቀለኛ_መንገድ ለጥያቄህ የኔ መልስ፣ ቴክኖሎጂው አላዳከማቸውም፣ ግን ነጻ ለመሆን መያዝ ያለባቸውን ነገር አብዝቶባቸዋል። ጋና በ1957 ነጻ ስትወጣ ቤተ መንግሥት፣ ጦር፣ ባንክ፣ ሬዲዮ ጣቢያ ከያዝክ አገር ነህ። ዛሬ ሰርቨርህ፣ የባህር ስር ኬብልህ፣ ፍሪኩዌንሲህ፣ የክፍያ ሲስተምህ፣ መታወቂያ ዳታቤዝህ የት ነው የሚለው አለ፣ አብዛኛው ደግሞ በሰው እጅ ነው።

---

ጋሽ_ሞገድ፦

ልጆች ጥሩ ውይይት ነው፣ እኔ በዕድሜ ገፋ ስላልኩ ሬዲዮውን በጆሮዬ ነው የማውቀው።

ሬዲዮን አታቃሉት። የአልጄሪያ ነጻ አውጪ ግንባር በኖቬምበር 1 1954 ትግል ጀመርኩ ሲል መግለጫውን ዓለም የሰማው ከካይሮ ሳውት አል አረብ ከሚባለው ሬዲዮ ላይ ነው። በኋላ የራሳቸውን ጣቢያ ከፈቱ፣ ፈረንሳይ ሞገዱን ታፍነዋለች፣ ሬዲዮና ባትሪ መሸጥ ላይ ገደብ ታደርጋለች፣ ሰው ግን በጩኸቱ መሀል አንድ ሁለት ቃል ለመያዝ ጆሮውን ለጥፎ ያመሻል። ሕንድ ውስጥ በ1942 ኡሻ ሜታ የምትባል የ22 ዓመት ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ቦምቤይ ላይ ስውር ሬዲዮ ከፍታ፣ እንዳይያዙ ከቤት ቤት እያዛወሩ ሦስት ወር ገደማ አሠራጭተው ተያዙ፣ አራት ዓመት ተፈረደባት። የኤርትራው ድምጺ ሓፋሽ በ1979 ከበረሃ ጀመረ፣ በአማርኛም ያሠራጭ ነበር፣ የሚዋጋው ወታደር ቋንቋ መሆኑ ነው፣ እኛም ድምጹን በጣም ቀንሰን በር ዘግተን እንሰማው ነበር፣ መስማቱ ብቻ ያስቀጣ ስለነበር። ያን ጊዜ አንድ ጣቢያ ለመስማት ሰው የሚከፍለው ዋጋ ነበረ። ዋጋ ከፍሎ የሰማ ሰው ደግሞ ሲጠሩት ይመጣል። ዛሬ ላይክ ማድረግ ምንም አያስከፍልም፣ ልዩነቱ አንዱ እዚህ ጋር ይመስለኛል።

ባልቲክን ተመልከቱ። በኦገስት 23 1989 ሂትለርና ስታሊን አገራቸውን የተከፋፈሉበት ውል 50ኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ሰው ከታሊን በሪጋ አድርጎ እስከ ቪልንየስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ እጅ ለእጅ ተያያዘ። ያለ ሞባይል። የእጅ ሬዲዮ ይዘው ወጥተው፣ መንገዱ የት ጋር ሳሳ፣ የት ጋር ሰው ይጨመር የሚለውን በሬዲዮ እየሰሙ። በጃንዋሪ 13 1991 የሶቭየት ታንክ ቪልንየስ የሚገኘውን የቴሌቪዥን ማማ ለመያዝ ሲመጣ ባዶ እጁን የቆመ ሕዝብ ላይ ገብቶ 14 ሰው ሞተ፣ ማማው ተያዘ፣ ግን ካውናስ ያለችው ጣቢያ ወዲያው አየሩን ተቀብላ በተለያየ ቋንቋ ዓለምን ድረሱልን እያለች ቀጠለች። ኤስቶንያም እንደዛው፣ ኦገስት 1991 ላይ ወታደሮቹ ታሊን ማማው ስር ሲደርሱ ላይ ያሉት ፖሊሶች የሊፍቱ በር እንዳይዘጋ የክብሪት ቀፎ አስገቡበት፣ በሩ ካልተዘጋ ሊፍቱ አይንቀሳቀስም፣ ወታደሩ ያንን ሁሉ ደረጃ በእግሩ ወጣ፣ በዛ መሀል ሞስኮ ውስጥ መፈንቅለ መንግሥቱ ከሸፈ። ማሠራጫውን አልያዙትም።

እና ራውተር ያልከው ልክ ነው፣ እነዚያ ሰዎች ማማው የራሳቸው ነበር፣ ቆመው ሊሞቱለት ይችላሉ። ዛሬ አንድ ንቅናቄ ድምጹ ያለው ሌላ አህጉር ያለ ኩባንያ ሰርቨር ላይ ነው፣ እሱን ሄዶ መክበብ አይቻልም።

---

መስቀለኛ_መንገድ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ የክብሪት ቀፎውን ነገር አልሰማሁም ነበር። @ራውተር የሰዓቱም ነገር በጣም ገርሞኛል።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሰርቨሩ የሰው ነው ካላችሁ ዛሬ ማንም ሊዘጋው የማይችል ቴክኖሎጂ አለ አይደል፣ የተበታተነ ሰርቨር፣ ኢንክሪፕሽን፣ ብሎክቼይን ምናምን፣ እሱ አያድናቸውም?

---

ፀደይ_ፀ፦

ይሄ የኔ ርዕስ ነው፣ የኢንተርኔት መዝጋትና ክትትል ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ስከታተል ነበር። መልሱ ካታሎንያ ላይ አለልህ ምክንያቱም የጠቀስካቸውን ሁሉንም ሞክረውታል።

በሴፕቴምበር 20 2017፣ ሕዝበ ውሳኔው 11 ቀን ሲቀረው፣ የስፔን ፖሊስ የዶት ካት ዶሜይን የሚያስተዳድረውን ድርጅት ቢሮ ፈተሸ። ልብ በሉ ዶት ካት ከ2005 ጀምሮ የነበረ ለካታላን ቋንቋና ባህል የተሰጠ ዶሜይን ነው። የሕዝበ ውሳኔው ድረገጾች ሲዘጉ ግልባጮቹ በየቦታው ተነሱ፣ አይፒኤፍኤስ በሚባለው ፋይልን ብዙ ኮምፒውተር ላይ በሚበትነው ሲስተም ጭምር፣ ሰው የት ሄዶ እንደሚመርጥ እዛ ላይ እያየ ነበር። መንግሥት ምን አደረገ? ወደዛ ሲስተም የሚያስገቡ መግቢያዎችን አዘጋ፣ አፑን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከጉግል ፕሌይ አስወረደ። እንደዛም ሆኖ ምርጫው በኦክቶበር 1 ተካሄደ፣ ወደ 43 በመቶ ሰው ወጥቶ 90 በመቶው እንውጣ አለ። ያን ቀን ግን ፖሊስ ዱላ ይዞ ይወስድ የነበረው ሰርቨር ሳይሆን በእጅ የሚያዝ የድምጽ መስጫ ሳጥን ነው።

በ2019 ደግሞ በመሪዎቹ ላይ ፍርድ ሊሰጥ ሲል ሱናሚ ዴሞክራቲክ የሚባል እንቅስቃሴ ተነሳ። አፕ ነበረው፣ አንድሮይድ ላይ ከስቶር ውጪ የሚጫን፣ ዝም ብሎ አይከፈትም፣ ውስጥ ያለ የምታምነው ሰው የሚሰጥህ ኪውአር ኮድ ያስፈልጋል። በጣም የታሰበበት ነገር ነው። በኦክቶበር 14 ሺዎች ተጠራርተው የባርሴሎናን አየር ማረፊያ አጨናነቁ። መንግሥት አፑ የተቀመጠበትን የኮድ ማከማቻ ድረገጽ ጊትሀብን ጠየቀ፣ ጊትሀብ አፑን ስፔን ውስጥ እንዳይታይ አደረገ። በወሩ መጨረሻ ደግሞ ድንጋጌ ወጣ፣ መንግሥት በአስቸኳይ ሁኔታ ኔትወርክ ውስጥ ጣልቃ እንዲገባ የሚፈቅድ፣ ለመንግሥት አገልግሎት ማንነት ማረጋገጫ በብሎክቼይን መጠቀምን የሚከለክል። ብሎክቼይኑን ቴክኒካል በሆነ መንገድ መስበር አላስፈለጋቸውም፣ ሕግ አወጡበት አለቀ።

ከዛ ሁሉ የሚብሰው ግን በኤፕሪል 2022 ሲቲዝን ላብ የሚባለው የካናዳ የምርምር ቡድን ያወጣው ነው። ቢያንስ 65 ካታላኖች በስለላ ሶፍትዌር ተጠቅተዋል ወይም ተሞክሮባቸዋል፣ አብዛኛው ፔጋሰስ ነው፣ የፓርላማ አባል፣ ጠበቃ፣ የአውሮፓ ፓርላማ ሰው፣ የቤተሰብ አባል ሳይቀር። የስፔን የደህንነት ኃላፊ 18ቱን በፍርድ ቤት ፈቃድ ነው የተከታተልነው ብላ ካመነች በኋላ ከሥራዋ ተነሳች። ፔጋሰስ ስልክህ ውስጥ ከገባ ኢንክሪፕሽንህ ምንም ዋጋ የለውም፣ ምክንያቱም መልእክቱን መንገድ ላይ ሳይሆን አንተ ራስህ ስታነበው ነው የሚያየው። ሬዲዮ የሚሰማ ሰው ማን እንደሆነ ጣቢያውም አያውቅም መንግሥትም አያውቅም፣ ስልክ የያዘ ሰው ግን የት እንደዋለ፣ ከማን ጋር እንዳወራ፣ ማን እንደጋበዘው ሁሉም ተጽፎ ይቀመጣል። ለኔ ትልቁ ለውጥ ይሄ ነው።

ይሄ ደግሞ ሀብታም አገር ነው፣ ዘዴው የረቀቀ ነው። ካሜሩን ላይ እንዲህ አላስፈለገም። በጃንዋሪ 2017 እንግሊዝኛ ተናጋሪ በሆኑት ሁለት ክልሎች ጠበቆችና አስተማሪዎች ሲያምጹ መጀመሪያ በየሰው ስልክ ውሸት ካሠራጫችሁ ትታሰራላችሁ የሚል ቴክስት ተላከ፣ ከዛ በ17 ኢንተርኔቱ ጠፋ። 93 ቀን። ቡዌያ ላይ ሲሊኮን ማውንቴን የሚባል የወጣት ቴክኖሎጂ ሰዎች መንደር ነበር፣ ልጆቹ ላፕቶፕ ተሸክመው ኔትወርክ ወደሚያገኝበት ክልል ጠርዝ ቦናኮ የምትባል መንደር ሄደው ክፍል ተከራይተው ኮድ እየጻፉ አመሹ፣ የኢንተርኔት ስደተኛ ካምፕ ተባለ። ባሜንዳ ውስጥ ደግሞ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ለወጣቶች የሚዘጋጀውን የጉግል ኮድ ውድድር ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ አሸነፈ፣ የማስረከቢያው ቀን ባለፈ ማግስት ነው ከተማው ኢንተርኔት ያጣው። እነዚህ ልጆች ከመገንጠል ጥያቄው ጋር ምን አገናኛቸው? ይሄን ሳስብ ዛሬም ያናድደኛል። ከዚህ በኋላ ነው እንግዲህ በኦክቶበር የአምባዞንያ ነጻነት የታወጀው፣ የመረረው ሰው በዝቶ ነበራ።

ፈረንሳይም ብትሆን በሜይ 2024 ኒው ካሌዶንያ ላይ ረብሻ ሲነሳ ቲክቶክን ለሁለት ሳምንት ዘጋች። የራሷ የበላይ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ሕገወጥ ነበር ያለው በኤፕሪል 2025 ነው፣ ዓመት ሊሞላው ሲል።

---

ጋሽ_ሞገድ፦

ፀደይዬ ተባረኪ። አንድ ልጨምርና ልተወው።

በኖቬምበር 12 1991 ዲሊ ላይ፣ ኢስት ቲሞር፣ ሳንታ ክሩዝ መካነ መቃብር ውስጥ የኢንዶኔዥያ ወታደሮች ለቅሶ የወጣ ወጣት ላይ ተኮሱ፣ ከ250 በላይ ሞተዋል ነው የሚባለው። ማክስ ስታል የሚባል ጋዜጠኛ ካሜራ ይዞ እዛው መሀል ነበር። ሊይዙት ሲመጡ ካሴቶቹን አዲስ የተቆፈረ መቃብር ውስጥ ቀበራቸው። ማታ ተመልሶ አወጣቸው፣ ሌላ ሰው ደብቆ ከአገር አስወጣቸው፣ ዓለም አየ። ከዛ በፊት ኢንዶኔዥያ ከ1975 ጀምሮ ያንን አገር ይዛ ስታደርግ የነበረውን ብዙ መንግሥት ያውቃል፣ ዝም ብሏል። ካሴቱ ከወጣ በኋላ ዝም ማለት ከበደ። ስምንት ዓመት ፈጅቷል ግን ለሕዝበ ውሳኔው መንገድ ከጠረጉት ነገሮች አንዱ ነው።

ያቺ ካሴት ዛሬ ብትወጣ መጀመሪያ የሚባለው ኤአይ ነው፣ ተቀናብሮ ነው የሚል ነው። በየቀኑ ሺ ቪዲዮ ይወጣል፣ ግማሹ የሌላ አገር የሌላ ዓመት ነው፣ እውነተኛው ከሐሰተኛው ጋር ውሃ ይበላዋል። መቅረጽ ቀለለ፣ መታመን ከበደ። የዘንድሮ ንቅናቄዎች ከገጠማቸው ሁሉ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

---

ራውተር፦

@ጋሽ_ሞገድ ስለ ቲሞር ካነሱ አይቀር፣ ኢስት ቲሞር ነጻ ሳትወጣ ነው ዶሜይን ያገኘችው። ዶት ቲፒ የሚለው ኮድ ዝርዝሩ ላይ ነበር ምክንያቱም ተመድ የኢንዶኔዥያን ወረራ አላጸደቀም፣ እና በ1997 ኮኔክት አየርላንድ የሚባል የኢንተርኔት ድርጅት ደብሊን ላይ አስነሳው፣ የአገሩ መሬት በሰው ቁጥጥር ስር እያለ ኢንተርኔት ላይ ግን አገሩ አለ። በጃንዋሪ 1999 ሰርቨሩ ላይ ጥቃት ተሰንዝሮ ለጊዜው ሥራ አቆመ። በ2002 ነጻ ከወጣች በኋላ ዶት ቲኤል ተሰጣት፣ ዶት ቲፒ በ2015 ጠፋ።

ኤስቶንያም ያንን ትምህርት ወስዳለች። በኤፕሪል 2007 የሶቭየት ወታደር ሐውልት ከመሀል ከተማ ሲነሳ ባንኩም ሚዲያውም መንግሥቱም ላይ የሳይበር ጥቃት ዘነበ። ከዛ በኋላ የመንግሥት ዳታቸውን ግልባጭ ሉክሰምበርግ ውስጥ በኤምባሲ ደረጃ ጥበቃ ያለው ሰርቨር ላይ ለማስቀመጥ በ2017 ተፈራረሙ። መሬቱ ቢያዝ እንኳን የዜጋው መዝገብ፣ የቤትና የመሬት ባለቤትነቱ፣ ሕጉ አይጠፋም። @መስቀለኛ_መንገድ ቴክኖሎጂ ነጻነትን ያመጣል ወይ ለሚለው እርግጠኛ መልስ የለኝም፣ ያገኘኸውን ለማቆየት ግን እንዲህ ይሠራል።

---

መስቀለኛ_መንገድ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ያሰብኩት ሁሉ ነው የሰፋው። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ቀጣዩ 194ኛ ማን ይመስላችኋል? እኔ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ስር ያለችውን ቡገንቪልን ነው የማየው።

---

የታሪክ_ደብተር፦

ቡገንቪል እኔም የምጠብቃት ናት። በ2019 መጨረሻ ላይ በወረቀት ድምጽ ሰጥተው 98.31 በመቶው ነጻነት አለ። ከዛ በፊት ፓንጉና የሚባለው የመዳብና የወርቅ ማዕድን ላይ በተነሳው ጥል ከ1988 ጀምሮ አስር ዓመት ገደማ ተዋግተዋል፣ የ2001ዱ የሰላም ስምምነት ነው ምርጫውን ያመጣው። ኢንተርኔቱ እዚህ ውስጥ ብዙም ቦታ የለውም።

ችግሩ ያ ስምምነት ውጤቱን አስገዳጅ አላደረገውም፣ የመጨረሻው ቃል የፓፑዋ ኒው ጊኒ ፓርላማ ነው። የቡገንቪል መሪዎች ሴፕቴምበር 1 2027ን የነጻነት ቀን ብለው ቆርጠዋል፣ ፖርት ሞርስቢ ደግሞ ሌሎች ክልሎችም ይከተላሉ ብላ ትፈራለች። ማዕድኑ ከ1989 ጀምሮ ዝግ ስለሆነ ነጻ ብትወጣ በጀቱ ከየት ይመጣል የሚለውም ገና አልተመለሰም። ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ነጥቤ ነው የምመልስህ፣ ሕዝቡ ድምጹን ሰጥቷል፣ የቀረው ፊርማ ነው።

---

ራውተር፦

ፊርማው ከተገኘ የተቀረው ፈጣን ነው። ተመድ ስሟን ይመዘግባል፣ አይኤስኦ ሁለት ፊደል ይሰጣል፣ ዛሬ በፓፑዋ ኒው ጊኒ 675 የሚደወለው ስልክ የራሱን ቁጥር ያገኛል። ካልተገኘ ግን ሴፕቴምበር 2 ጠዋት ላይ ስልኩ የሚሠራው በዛው በ675 ነው፣ የኮሶቮ ዓይነት ድርድር ይጀመራል ማለት ነው።